ሰሚት ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም 7.2 ሚሊዮን ተባልኩ፤ ያወጣል?

ተከራዩ (ጥያቄውን ያነሳው)፣ ሰኞ ማታ

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ 11 ዓመት በኪራይ ኖረናል። አራት ጊዜ ዕቃ ጭነን ሰፈር ቀይረናል። አሁን በዕቁብ፣ በቁጠባና በቤተሰብ ድጋፍ 6.5 ሚሊዮን ብር ገደማ አለን። የባንክ ብድር ውስጥ መግባት አንፈልግም። ቢጎድል ከዘመድ ትንሽ እንበደራለን።

እዚሁ በተከራየንበት ሰሚት አንድ ባለ ሁለት መኝታ አየን። አራተኛ ፎቅ ነው፤ የመጨረሻው። ሻጩ 7.2 ጠርቷል። ደላላው ደግሞ «ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጎን በ7.5 ተሽጧል፣ ነገ ሌላ ሰው ቀብድ ሊሰጥ ነው» እያለ በቀን ሦስት ጊዜ ይደውላል። ቤቱ ያምራል። ወለሉ ሴራሚክ፣ ኮርኒሱ ጂፕሰም፣ የኪችን ካቢኔቱ አዲስ ነው። 75 ካሬ ነው ብለውናል። ባለቤቴ ገና በሩን እንዳለፈች ወደደችው። መጋረጃው የት እንደሚሰቀል ሳይቀር ነግራኛለች።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ይሄ ቤት እውነት 7.2 ያወጣል? ሰው ይህን በምን ያውቃል? ሽንኩርት እንኳ ስገዛ ሦስት ቦታ ጠይቄ ነው። የ11 ዓመት ጥሪታችንን የማወጣበት ነገር ላይ ማስተያያ አጣሁ። የምታውቁ እርዱኝ።

የአባዶዋ፣ ሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፎቁን እናውራ። እኔ የካ አባዶ አራተኛ ፎቅ ገዝቼ ነው የምኖረው። አየሩ፣ እይታው ደስ ብሎኝ ነበር። ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ እሱም ሌሊት ነው። ታች ያሉት ሲቀዱ እኔ ጋ አይደርስም። ሮቶና ፓምፕ ማስገባት ግድ ሆነብኝ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። አምስት ዓመት ስኖር ቤቴን ያየችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሊፍት የለም፤ ጋዝ ሲያልቅ ሲሊንደሩን አሸክመን ነው የምናወጣው።

ይሄ ሁሉ ዋጋ ነው። የአራተኛ ፎቅ ቤት ከአንደኛና ከሁለተኛ ፎቅ ጋር እኩል ሊጠራ አይገባም። አንተ ቻልከው እንበል፤ ነገ መሸጥ ብትፈልግ የሚመጣው ገዢም ደረጃውን ቆጥሮ ነው ዋጋ የሚሰጥህ።

መሀንዲሱ፣ ማክሰኞ ጠዋት

ሁለት ነገር ልበል።

75 ካሬ የሚለውን ካርታው ላይ አይተኸዋል? የሰሚት 20/80 (20 በመቶ ተቆጥቦ 80 በመቶው በብድር የሚከፈልበት የመንግሥት ኮንዶሚኒየም) ባለ ሁለት መኝታ 75 ካሬ መባሉ አልተዋጠልኝም። ብዙ ሰው ደረጃውንና የጋራ ኮሪደሩን ደምሮ ይናገራል። ይህ ቀላል ልዩነት እንዳይመስልህ። 7.2 ሚሊዮን ለ75 ስታካፍለው ካሬው 96 ሺህ ነው። ካርታው 60 ካለ ግን 120 ሺህ ገባ ማለት ነው። ቤቱ ያው፣ ጥሪውም ያው፤ የገዛኸው ነገር ግን ሌላ ሆነ። ካርታ ሳታይ በካሬ አትደራደር። ከቻልክ ሜትር ይዘህ ራስህ ለካው።

ሁለተኛው ያ ጂፕሰም ነው። ኮንዶሚኒየም ለዕድለኛው ሲሰጥ ፊኒሺንጉ ያላለቀ ነበር፤ ሰው ከገባ በኋላ ነው የሚያሳምረው። ስለዚህ ጂፕሰም መኖሩ በራሱ ችግር የለውም። ግን የመጨረሻ ፎቅ ላይ፣ ሊሸጥ በወጣ ቤት፣ አዲስ ጂፕሰምና አዲስ ቀለም አንድ ላይ ሳይ የጣሪያ ፍሳሽ ተሸፍኖ እንደሆነ እጠረጥራለሁ። መቼ እንደተሠራ ጠይቅ። የግድግዳውን ላይኛ ጥግ በእጅህ ዳሰው፤ እርጥበት ካለ ቀለሙ ይነፋል። ከቁም ሳጥን ጀርባና ከመጋረጃ በላይ ያለውን እይ፤ ሰው እዚያ ቀለም አይቀባም። ሽንት ቤቱን ልቀቀው፣ የሁሉንም ክፍል ቧንቧ ባንዴ ክፈት፣ የወለሉ ፍሳሽ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ እይ። ኮንዶሚኒየም ላይ የሚያማርረው የፍሳሽ መስመር መዘጋት ነው። መስመሩ የጋራ ስለሆነ የአንድ ሰው ችግር ሁሉም ቤት ይገባል።

ሻጭ «ለፊኒሺንግ 900 ሺህ አውጥቻለሁ» ይልሃል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ያወጣው ገንዘብ ሁሉ ግን ላንተ ዋጋ አይሆንም። የማትወደውን ካቢኔት ነቅለህ የምትጥል ከሆነ ለምን ትከፍልበታለህ?

ተከራዩ፣ ማክሰኞ ማታ

መሀንዲሱ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ዛሬ ካርታውን ኮፒ አምጡልኝ አልኳቸው። 57.6 ካሬ ይላል። ቁጭ ብዬ አካፈልኩት፤ 125 ሺህ በካሬ መጣ። ለደላላው ብነግረው «ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያወራው» አለኝ።

አገናኝ፣ ረቡዕ ጠዋት

እኔ ደላላ ነኝ። 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሥራዬንም አከብራለሁ። ስለዚህ በቀጥታ ልንገርህ።

«በ7.5 ተሽጧል» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የተጠራ ዋጋ ነው። የተጠራና የተሸጠ ይለያያል። እኛ ሀገር የተሸጠበትን ዋጋ ማንም ሰው ገብቶ የሚያይበት መዝገብ የለም። በቴሌግራም ቻናል የምታየው ሁሉ ጥሪ ነው። አንዱ ቤት በአምስት ደላላ በአምስት ዋጋ ተለጥፎ ታገኘዋለህ። ሻጩ 6.8 ብሎ ላዩ ላይ 400 ሺህ የሚጨምር ደላላም አለ። ሻጩን ፊት ለፊት ሳታገኝ ዋጋ አትናገር።

ማስተያያ አጣሁ ብለሃል። እዚያው ተከራይ መሆንህ ትልቅ ዕድል ነው። የብሎክህን ጥበቃ ጠይቅ። ዕቃ ማን አስገባ፣ ማን አስወጣ፣ እሱ ያውቃል። የጋራ ህንፃ ባለቤቶች ማኅበሩን ጸሐፊ ጠይቅ። ባለፈው ስድስት ወር ገዝተው የገቡትን ቡና እየጠጣህ ጠይቃቸው። የገዛ ሰው ገንዘቡን ካወጣ በኋላ እውነቱን ይናገራል፤ የሚሸጥ ሰው ነው የሚደብቀው። ሦስት የተሸጡ ቤቶች ካገኘህ ከእኔ የተሻለ ዋጋ ታውቃለህ።

ሌላም መንገድ አለ። የሥራ ባልደረቦቼ ላይወዱልኝ ይችላሉ፤ ግን ይሠራል። ለሁለት ሦስት ደላላ ደውለህ «ሰሚት ባለ ሁለት፣ አራተኛ ፎቅ ብሸጥ በቶሎ ስንት ያመጣልኛል?» በል። ለገዢ 7.2 ያለው ደላላ ለሻጭ ምን እንደሚል ትሰማለህ።

ጀሞ 2፣ ረቡዕ ከሰዓት

አንተ አሁን ስንት ነው የምትከራየው?

ተከራዩ፣ ረቡዕ ከሰዓት

25 ሺህ። ያው ባለ ሁለት መኝታ፣ ሦስተኛ ፎቅ።

ጀሞ 2፣ ረቡዕ ማታ

በዓመት 300 ሺህ ነው። 7.2 ሚሊዮን ለ300 ሺህ ሲካፈል 24 ዓመት ይመጣል። ማለትም የ24 ዓመት ኪራይህን ዛሬ አንድ ላይ ልትከፍል ነው። እኔ ቤት ሳይ መጀመሪያ የምሠራው ይህን ሂሳብ ነው። ጥሪን ሰው እንደፈለገ ሊያንረው ይችላል። ኪራይ ግን ሰው ከደመወዙ የሚከፍለው ስለሆነ ብዙ አይዋሽም። አንድ ሰፈር የሽያጭ ጥሪው ሲሮጥ ኪራዩ ቆሞ ከቀረ፣ ጥሪው ላይ ነፋስ አለ ማለት ነው።

በዚያ ላይ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ አለ። አከራይ እንደልቡ መጨመር አይችልም፤ ጭማሪው በዓመት አንዴ በመንግሥት ይወሰናል። «ገዝቼ አከራየዋለሁ» የሚል ሰው ይህንንም ያስላ። የንብረት ታክስ አዋጅም በ2017 ጸድቋል። እኔ ብሆን አልገዛም። ተከራይቼ ገንዘቡን ሥራ ላይ አውለዋለሁ።

የአባዶዋ፣ ረቡዕ ማታ

ጀሞ 2፣ ሂሳብህ ልክ ነው። ግን አራት ጊዜ ዕቃ የጫነ ሰው የከፈለው ብር ብቻ አይደለም። ልጅ ትምህርት ቤት ይቀይራል፤ ዕድር ይቀየራል። አከራይ «ልጄን ልድርበት ነው፣ ውጡልኝ» ሲል የሚሰማህን አውቀዋለሁ። የራስ ቤት ዕረፍት አለው፤ ለእሱ ትንሽ ጨምሮ መክፈል ስህተት አይደለም። ብቻ ስንት እየጨመረ እንደሆነ ይወቀው።

ጀሞ 2፣ ረቡዕ ማታ

በዚህ እስማማለሁ። የእኔ ሂሳብ አትግዛ አይልም። ምን ላይ እንደምትከፍል ይለይልሃል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሐሙስ ሌሊት

ከሜሪላንድ ነኝ። እዚህ ቤት ስንገዛ በዚያ መንደር ባለፉት ወራት የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶች ዋጋ ተዘርዝሮ ፊታችን ቀረበ። የተሸጠበት ዋጋ የሕዝብ መዝገብ ነው፤ ማንም ኢንተርኔት ላይ ያየዋል። ባንኩም የራሱን ገማች ይልካል። ገማቹ ከተስማማንበት ዋጋ ዝቅ ካደረገው ባንኩ ለልዩነቱ አያበድርም። ይህን የለመድኩ ሰው አዲስ አበባ ስገዛ ግን ሁሉንም ረሳሁት።

እኔን ያሳሳተኝ ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በዶላር ሳሰላው ቤቱ ሁሉ ርካሽ መሰለኝ። እህቴ «እዚህ ማንም በዚህ ዋጋ አይገዛም» ስትለኝ አልሰማኋትም። ገና ያልተሠራ አፓርታማ ከአንድ ሪል እስቴት ገዛሁ። ውሉ 110 ካሬ ይላል። ቤቱ አልቆ እህቴ ውስጡን ስትለካው 84 መጣ። ቀሪው ደረጃ፣ ሊፍትና ኮሪደር ነው። ውሉ ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ አላነበብኩትም። የከፈልኩት ለ110 ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወንድሜ፣ ደመወዝህ በብር ነው፤ ቤቱንም በብር መዝነው። «ውጭ ያሉት እኮ በዚህ ዋጋ እየገዙ ነው» ቢሉህ፣ እኔ ገዝቼ የሆንኩትን ንገራቸው።

ጠበቃዋ፣ ሐሙስ ጠዋት

ስለ ዋጋ እያወራችሁ ስለሆነ ስለ ወረቀቱ እኔ ልጨምር። ወረቀቱ ያልጠራ ቤት ዋጋውም ያልጠራ ነው።

አንደኛ፣ ሻጩ ያገባ ከሆነ የሚስቱ ስምምነት ያስፈልጋል። የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት አንዱ ብቻውን መሸጥ አይችልም። ካርታው ላይ የእሱ ስም ብቻ መኖሩ አያሳምናችሁ። ያገባ ከሆነ የጋብቻ ማስረጃ፣ ያላገባ ከሆነ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ።

ሁለተኛ፣ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ወካዩ በሕይወት መኖሩን፣ ውክልናው ያልተሻረ መሆኑንና መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድ መሆኑን አረጋግጡ። ወካዩ ሲሞት ውክልናውም ያበቃል። ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች ለአምስት ዓመት መሸጥ ስለማይፈቀድላቸው በውክልና ብቻ እጅ በእጅ የዞሩ ኮንዶሚኒየሞች ብዙ ናቸው። «በውክልና ስለሆነ 500 ሺህ ቀንሰናል» ሲሏችሁ፣ የቀነሱት ችግሩን ለእናንተ አስረክበው ነው።

ሦስተኛ፣ ቤቱ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለበት ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይምጣ። የኮንዶሚኒየም ብድር እስከ 20 ዓመት የሚከፈል ስለሆነ ቀሪው ስንት ነው፣ ማን ይዘጋዋል የሚለው የዋጋው አካል ነው።

አራተኛውን አጥብቄ ነው የምናገረው። ቀረጥ ለመቀነስ ውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ እንጻፍ ይሏችኋል። ብዙ ሰው ያደርገዋል። ሕገ ወጥ ከመሆኑ ሌላ፣ ነገ ውሉ ቢፈርስ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው። ስድስት ሚሊዮን ከፍሎ ሁለት ሚሊዮን የተጻፈለት ሰው አራቱን ሚሊዮን በምን ያስመልሳል? እንዲህ ሆኖበት ቢሮዬ ውስጥ ያለቀሰ ሰው አይቻለሁ።

ቀብድም ቀልድ አይደለም። ሰጥታችሁ ብትተዉት ትከስራላችሁ። ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ካርታ፣ የሚስት ስምምነትና የዕዳ ማስረጃ ሳይታይ ቀብድ አይሰጥም።

አገናኝ፣ ሐሙስ ከሰዓት

ጠበቃዋ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። ተከራዩ፣ አንድ የረሳኸው ሂሳብ አለ። 6.5 አለኝ ብለሃል። ዋጋው 6.5 የሆነ ቤት ግን መግዛት አትችልም። የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ አለ። የደላላ በተለምዶ 2 በመቶ ነው። 6.2 የሆነ ቤት ብትገዛ ሁለቱ ብቻ 248 ሺህ ይሆናሉ። ውሃ፣ መብራት፣ ዕቃ ማጓጓዣ ሲጨመር እጅህ ባዶ ነው። የሻጩን ግብር ማን ይከፍላል የሚለውንም ዋጋ ስትነጋገሩ ጨርሱት። በኋላ ስም ለማዞር ስትሄዱ እዚያ ላይ ነው ጠብ የሚነሳው።

አዲስ ሙሽራ፣ ሐሙስ ማታ

ይቅርታ፣ በመሃል ልግባ። እኛ ጉለሌ አካባቢ አሮጌ ግቢ ቤት በተመሳሳይ ገንዘብ እያየን ነው። ከኮንዶሚኒየም አይሻልም?

ጠበቃዋ፣ ሐሙስ ማታ

እህቴ፣ በዚያ ቤት የምትገዙት ግንባታውን ነው፤ መሬቱ የመንግሥት ነው። ይዞታው ነባር (ከሊዝ በፊት የተያዘ) ከሆነ፣ ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ፣ ማለትም መሬቱ ለተወሰነ ዓመት በክፍያ ወደሚያዝበት ሥርዓት ይገባል። ሊዝ ከሆነ ደግሞ የቀረ የሊዝ ክፍያ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ቦታውን ማስተር ፕላኑ ላይ አሳዩት። ፒያሳና ካዛንቺስ ቤቶች ለልማት ሲፈርሱ ሁላችንም አይተናል። መንገድ የሚያልፍበት ግቢ ርካሽ የሆነው በምክንያት ነው።

መሀንዲሱ፣ ዓርብ ጠዋት

አሮጌው ቤት ጭቃ ከሆነ ለግድግዳው ብዙ አትክፈሉ። የሚያዋጣው ቦታው ነው። ግን በዚያ ቦታ ላይ ምን ያህል ፎቅ መሥራት እንደሚፈቀድ ከወረዳው ጠይቁ። «ነገ ጂ ፕላስ ሁለት ትሠሩበታላችሁ» የሚል ደላላ የግንባታ ፈቃድ አይሰጣችሁም።

ተከራዩ፣ ከ16 ቀን በኋላ

ወገኖቼ፣ ስለዘገየሁ ይቅርታ። የሆነውን ልንገራችሁ።

የብሎካችንን ጥበቃ ጠየቅኩት። በ7.5 ተሽጧል የተባለው ቤት ባለ ሦስት መኝታ ነው! ባለ ሁለት የገዙ ሁለት ቤተሰቦች አገኘሁ። አንዱ ከሁለት ወር በፊት አንደኛ ፎቅ፣ ፊኒሺንጉ ያለቀ በ6.4 ገዝቷል። ሌላው ሦስተኛ ፎቅ በ6.1። አገናኝ እንዳልከውም ሻጭ መስዬ ለሦስት ደላላ ደወልኩ። አራተኛ ፎቅ ነው ስላቸው ከ5.8 እስከ 6 ነው ያሉኝ። ከነሱ አንዱ ለእኔ 7.2 ያለው ሰውዬ ነው። ድምፄን አላወቀውም።

እሁድ ዝናብ ዘነበ። ወዲያው ተነስቼ ያንን ቤት «እንደገና ልየው» ብዬ ሄድኩ። የመኝታ ቤቱ ጥግ ላይ ጂፕሰሙ ቢጫ ክብ ሠርቷል። ባለቤቴ ራሷ ናት ያየችው። ምንም አልተናገረችም፤ ደረጃውን ስንወርድ ግን እጄን ያዘችኝ። ሻጩ ሚስቱ ዱባይ እንዳለችና ውክልና እንዳልላከችም የሰማሁት በዚያው ቀን ነው። 5.7 ሰጠሁት። ተቆጣ። ተውኩት።

ከዚያ ጥበቃው ሁለት ብሎክ አልፎ ያለ ቤት ጠቆመኝ። ሁለተኛ ፎቅ፣ 57.6 ካሬ፣ ያለ ደላላ። ባለቤቶቹ ጡረተኞች ናቸው። ልጃቸው ጋ ሐዋሳ ሊሄዱ ነው። ጂፕሰም የለውም፤ ካቢኔቱ አሮጌ ነው፤ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል የተሰባበረ ሴራሚክ ነው። 6.4 ጠሩ። የተሸጡትን ሁለቱን ቤቶች ነገርኳቸው፤ ወለሉን አሳየኋቸው። አባትዬው «ልጄ፣ አንተ አጥንተህ ነው የመጣኸው» አሉኝና በ6.05 ተስማማን። ካሬው 105 ሺህ ገደማ መጣ። በጀሞ 2 ሂሳብ 20 ዓመት ነው። ዕዳና እግድ እንደሌለበት በጽሑፍ አገኘሁ። ሙሉ ዋጋው ውሉ ላይ እንደሚጻፍም ተስማምተናል። እማማም አባባም ለመፈረም ሐሙስ 3 ሰዓት ውልና ማስረጃ ይመጣሉ።

ቀረጡን ከፍዬ 300 ሺህ ገደማ ይተርፈኛል። መሀንዲሱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከመግባታችን በፊት የመታጠቢያ ቤቱን ወለል ነቅዬ እንደገና ላስለጥፍ ነው። ውሃ ወደ ታችኛው ቤት እንዳይሰርግ ከሥሩ ምን ላስቀባ?

መሀንዲሱ፣ በዚያው ማታ

እንኳን ደስ ያላችሁ! ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ውሃ መከላከያ በሁለት ዙር ይቀባ፤ ግድግዳው ላይም አንድ ክንድ ከፍ ይበል። ከደረቀ በኋላ የፍሳሽ ቀዳዳውን ድፈንና ወለሉ ላይ ውሃ አቁርበት፤ አንድ ቀን ሙሉ ይቆይ። በማግስቱ ታች ያሉትን ጎረቤቶች አንኳኩተህ ኮርኒሳቸውን አሳዩኝ በላቸው። ደረቅ ከሆነ ሴራሚክህን ለጥፍ።

የአባዶዋ፣ በዚያው ማታ

ሁለተኛ ፎቅ! እናትህን በመጀመሪያው ሳምንት ጥራቸው።